አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ፦ በለገጣፎ ዲኤስቲቪ ቤቶች የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከካራ አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዲኤስቲቪ ቤት አይጠፋም። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ወንበር ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ትልቅ ክለብ አሰልጣኝ በቀየረ ሳምንት ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር ክርክሩ ይጀመራል። ማንቼዎች (የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች) በአንድ በኩል፣ አርሴዎች (የአርሴናል ደጋፊዎች) በሌላ በኩል። አንዱ «በቃ፣ ተነሳን!» ይላል። ሌላው «ይሄ ሰውዬ ገናን አይሻገርም» ብሎ ይወራረዳል።

ክርክሩን እወደዋለሁ። ነገር ግን እውነት የሚመስሉ፣ በየዓመቱ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። ጉዳታቸው ደግሞ ከክርክር ያልፋል። ክለቡ የእኛው ከሆነ ጩኸቱ ቦርዱ ጋ ይደርሳል፤ ሰው እንጀራውን ያጣል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው። የውጭዎቹን ክለቦች ዓመት በፈረንጆቹ፣ የእኛዎቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

«አሰልጣኝ ሲቀየር ቡድን ይነቃል»

ከሁሉም በላይ የሚሰማው ይሄ ነው። አዲሱ ሰው ይመጣል፣ ቡድኑ ሁለት ሦስት ጨዋታ ያሸንፋል፣ «አላልኳችሁም?» ይባላል። ማሸነፉ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

አሰልጣኝ የሚባረረው መቼ ነው? ቡድኑ ከአቅሙ በታች ሲወርድ ነው። ኳሱ ቋሚ ይመታል፣ ዋናው ተከላካይ ይጎዳል፣ ሁሉም ነገር እምቢ ይላል። እንዲህ ያለ ጊዜ ለዘላለም አይቆይም። አሰልጣኙ ባይባረርም ነገሩ ትንሽ መሻሻሉ አይቀርም። ኔዘርላንዳዊው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ባስ ቴር ዌል ይህን ጉዳይ ከ1986 እስከ 2004 ባለው የአገሩ ሊግ ውጤት ላይ አጥንቶታል። አሰልጣኝ የቀየሩትን ክለቦች፣ እንደነሱ ወድቀው ሳይቀይሩ ከቆዩት ጋር አነጻጸረ። ያልቀየሩትም እኩል አገገሙ።

ይህ ማለት አሰልጣኝ ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ምስክር አይሆኑም ማለት ነው። በተለይ በእነዚያ ሳምንታት የገጠሙት ከሠንጠረዡ ግርጌ ያሉ ቡድኖች ከሆኑ።

«ትልቅ ተጫዋች ያልነበረ ምን ያስተምራል?»

ሞሪንሆ በትልቅ ደረጃ አልተጫወተም። ከቦቢ ሮብሰን ጎን አስተርጓሚ ሆኖ ነው የጀመረው። በ2004 ከፖርቶ ጋር የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ። አሪጎ ሳኪም ታዋቂ ተጫዋች አልነበረም፤ ሚላንን ግን በ1989 እና በ1990 የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገ። ተጫዋች ስላልነበረ ሲተቹት፣ ጋላቢ ለመሆን አስቀድሞ ፈረስ መሆን እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር ብሎ የመለሰው መልስ እስካሁን ይነገራል።

በተቃራኒው ታላቅ አጥቂ የነበረውን ቲዬሪ ሄንሪን እንውሰድ። በጥቅምት 2018 ሞናኮን ተረከበ፣ በጥር ተሰናበተ። ጋሪ ኔቪልም ቫሌንሲያ ላይ አራት ወር አልሞላም። ሁለቱም ኳስ ስለማያውቁ አይደለም። ዋና አሰልጣኝ ሆነው ክለብ መርተው አያውቁም ነበር። ጋርዲዮላ እንኳን ያን ሁሉ ተጫውቶ መጀመሪያ የያዘው የባርሴሎናን ሁለተኛ ቡድን ነው።

«ምክትሎቹ ኮን ከመደርደር በቀር ምን ይሠራሉ?»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። ደጋፊው ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ አሰልጣኝ ሲሾም ሁሉም የሚያየው አንድ ፊት ነው። የሚመጣው ግን ቡድን ነው፦ ምክትል አሰልጣኝ፣ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ፣ የአካል ብቃት አሰልጣኝ፣ ቪዲዮ የሚተነትን ሰው። በየቀኑ ሜዳ ላይ ከተጫዋቹ ጋር ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው።

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንቼን 26 ዓመት መራ። በእነዚያ ዓመታት ግን ከጎኑ ያሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ ተቀያይረዋል። አርቺ ኖክስ ነበር፣ ብራያን ኪድ መጣ። ኪድ በ1998 መጨረሻ ሲሄድ ስቲቭ ማክላረን ተተካ፤ በወራት ውስጥ ቡድኑ ሦስቱን ዋንጫዎች (ሊጉን፣ ኤፍኤ ካፑንና ሻምፒዮንስ ሊጉን) አነሳ። በኋላ ካርሎስ ኬይሮሽ፣ ከዚያ ማይክ ፌላን እና ሬኔ ሚውለንስቲን። ፈርጉሰን ብዙውን ጊዜ ልምምዱን ለምክትሎቹ ትቶ ከዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። የእሱ ትልቅ ችሎታ ሰውን መምረጥና ማመን ነበር።

በ2013 ዴቪድ ሞዬስ ሲመጣ ምን ሆነ? ፌላን፣ ሚውለንስቲን እና የግብ ጠባቂዎቹ አሰልጣኝ ኤሪክ ስቲል ሄዱ። ሞዬስ የራሱን ሰዎች ከኤቨርተን አመጣ። የስድስት ዓመት ውል የፈረመው ሰው አሥር ወር ሠርቶ ተባረረ። ለውድቀቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ቡድኑም አርጅቶ ነበር። ነገር ግን ሻምፒዮን የሆነ ቡድን የዕለት ተዕለት አሠራሩን የሚያውቁትን ሰዎች በአንድ ክረምት አጣ። ቬንገር በ1996 ከጃፓን አርሴናል ሲገባ በእንግሊዝ ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። ክለቡን ከውስጥ የሚያውቀውን ፓት ራይስን ግን ምክትል አድርጎ አስቀረው። በ1998 ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰዱ።

አሁን ደግሞ ሥራው ይበልጥ ተከፋፍሏል። አርሴናል ከማዕዘን ምት ጎል ሲያገባ ካሜራው ወደ ኒኮላ ዦቬር የሚዞረው በከንቱ አይደለም። በ2021 ከማንቸስተር ሲቲ ሲመጣ ሥራው የቆሙ ኳሶች (እንደ ማዕዘንና ቅጣት ምት ያሉት) ብቻ ነበር። ክሎፕ በሊቨርፑል እያለ ለእጅ ውርወራ ብቻ ዴንማርካዊውን ቶማስ ግሮነማርክን አምጥቷል። ያኔ ብዙ ሰው ስቆበታል። ኳስ ከዳር መስመር በጨዋታ ስንቴ እንደሚወረወር ቆጥራችሁ ብታዩ ግን ነገሩ ይገባችኋል።

በእኛ ዙሪያ ባሉ ክለቦች ይህ ሁሉ ሰው የለም። ዋና አሰልጣኝ፣ አንድ ምክትል፣ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ካለ፣ ወጌሻ እና ቡድን መሪ፣ በቃ። ሰው ሲያንስ ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ይበዛል። ወጌሻው ሲቀየር የአንድ አጥቂ ጉልበት ታሪክ አብሮት ይሄዳል፣ በተለይ በወረቀት ካልተመዘገበ። ስለዚህ ክለባችሁ አሰልጣኝ ቀየረ ሲባል ቀጥሎ የሚጠየቀው «ማንን ይዞ መጣ? ማንን አስቀረ?» ነው።

«ተጫዋች የሚያስመጣው አሰልጣኙ ነው»

ድሮ በእንግሊዝ እንደዚያ ነበር። አሁን በብዙ ክለብ ዝውውሩን የሚመራው የስፖርት ዳይሬክተሩ ነው። አሰልጣኙ ሐሳብ ይሰጣል፤ ሁልጊዜ ግን የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። አርኔ ስሎት በ2024 ክረምት ሊቨርፑል ሲገባ ለዚያው ዓመት የመጣለት አዲስ ተጫዋች ፌዴሪኮ ኪየዛ ብቻ ነበር። እሱም እምብዛም አልተሰለፈም። ስሎት በክሎፕ ተጫዋቾች ሊጉን በላ።

በእኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ክለብ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው የሚተዳደረው። አሰልጣኙ የፈለገውን ስም ጽፎ ይሰጣል። ገንዘቡን የሚፈቅደው ቦርዱ ነው። ደመወዝ ሲዘገይም ልምምድ ላይ የተጫዋቹን ኩርፊያ የሚጋፈጠው አሰልጣኙ ነው፤ ክፍያው ግን በእሱ እጅ የለም። ይሄንን ሳናውቅ «አጥቂ እንኳን መግዛት ያልቻለ» ማለት በሰው ላይ ግፍ ነው።

«ዝም ብሎ የሚቀመጥ አሰልጣኝ አይቆረቆርም»

አንቸሎቲ ቅንድቡን ከፍ ከማድረግ በቀር ብዙም አይንቀሳቀስም። አምስት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አለው። ይበቃል።

«ፈረንጅ ይምጣልን»

ይሄ የእኛ የራሳችን ነው፤ በብሔራዊ ቡድንም በክለብም ይነሳል። ታሪኩን እንመልከት። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በ1954 ስታነሳ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። 31 ዓመት ከራቅን በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰን ሰውነት ቢሻው ነው። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከእንግሊዝ የመጣው ኢፊ ኦኑራ እና ቤልጂየማዊው ቶም ሴንትፊት ነበሩ፤ ሁለቱም ሳይቆዩ ሄዱ። ሰውነት በተነሳ ጊዜ ፖርቹጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተሾመ፣ ለቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ አላለፍንም። በ2013 ደግሞ ለካሜሩኑ ውድድር ያሳለፈን ውበቱ አባተ ነው። ውበቱ ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ሻምፒዮን አድርጓል።

በክለብ ደረጃ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ነገሩን ከሁለቱም በኩል ያሳያል። ሰርቢያዊው ሚቾ ከፈረሰኞቹ ጋር በተለያዩ ጊዜያት ሻምፒዮን ሆኗል። ለኳሳችን የሠራው ሊካድ አይገባም። በ2014 እና በ2015 ሊጉን ያነሳው ግን ከምክትልነት የተነሳው ዘሪሁን ሸንገታ ነው። ቡድኑን ያውቀዋል፣ ልጆቹን ያውቃቸዋል፣ ሊጉን ያውቀዋል።

ስለዚህ የውጭ አሰልጣኝ አይምጣ አልልም። ሲመጣ ግን ከጎኑ የሚመደበው የአገር ውስጥ ምክትል አስተርጓሚ ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ባከነ። ሰውየው ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

«ጊዜ ይሰጠው፤ ፈርጉሰንም ጊዜ ተሰጥቶታል»

ይህን የሚሉት ረጋ ያሉት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ስህተት አይመስልም። ፈርጉሰን በ1986 መጥቶ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው በ1990 ነው። እውነት ነው። ግን በባዶ አልተጠበቀም። በ1988 ቡድኑን ሁለተኛ አድርጎ ነበር፣ የክለቡን የታዳጊዎች ሥራም ከሥሩ እየለወጠ ነበር። በአንጻሩ ስሎት ዓመት ሳይሞላው ሊጉን በልቷል። ጊዜ ብቻውን አይሠራም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ይሄን ማየት ደግሞ ለእኛ ከባድ ሆኗል። የለገጣፎ ለገዳዲ ክለብ በ2015 ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ የሰፈሩ ሰው ደስ ብሎት ነበር። ሊጉ ግን የሚካሄደው እንደ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና አዳማ ባሉ የተመረጡ ከተሞች ነበር። ደጋፊው የራሱን ቡድን እንደ ማንቼና እንደ አርሴ በቴሌቪዥን ተከታተለ። ቡድኑ በዚያው ዓመት ወረደ። ሰበታም ከአንድ ዓመት በፊት ወርዷል። ልምምድ ሳያዩ፣ ከተጫዋች ጋር መንገድ ላይ ሳይገናኙ፣ ከውጤት ሌላ ምን ይዞ ይፈረዳል?

ቢሆንም በቴሌቪዥንም የሚታይ ነገር አለ። አርቴታ በታኅሣሥ 2019 አርሴናልን ሲይዝ በዚያ ዓመት ስምንተኛ ወጡ። በቀጣዩም ስምንተኛ። በየዲኤስቲቪ ቤቱ «ይባረር» ያላለ አርሴ ጥቂት ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሙሉ የውድድር ዓመት ግን አርሴናል ላይ 51 ጎል ተቆጥሮ ነበር። በ2019/20 48 ሆነ። በ2020/21 ወደ 39 ወረደ፣ ከእነሱ ያነሰ የተቆጠረባቸው ሲቲና ቼልሲ ብቻ ነበሩ። ከዚያ አምስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ።

ስለዚህ ስለ ራሳችን ቡድን እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ የተቆጠረብን ጎል እየቀነሰ ነው? ኳስ ስንነጠቅ ተጫዋቾቹ ሳይበታተኑ አብረው ይመለሳሉ? በ70ኛው ደቂቃ አሁንም ይሮጣሉ? ከአካዳሚው የወጣ ልጅ ደቂቃ እያገኘ ነው? ከሁለት ወር በኋላ ለእነዚህ መልሱ «አይደለም» ከሆነ፣ ያኔ አሰልጣኙን መተቸት ተገቢ ነው። ከሁለት ሽንፈት በኋላ ከሆነ ግን ገና ነው።