መካኒካል ኢንጂነሪንግን በዩኒቨርሲቲ መማር

መካኒካል ኢንጂነሪንግ ኃይልን፣ እንቅስቃሴን፣ ሙቀትንና የቁሶችን ጠባይ አጥንቶ ማሽን መንደፍና መሥራት የሚያስተምር የምህንድስና ዘርፍ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው እንደየዩኒቨርሲቲው 4 ወይም 5 ዓመት ይፈጃል። አንደኛው ዓመት ከሌሎቹ የምህንድስና ዘርፎች ብዙም አይለይም፦ ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ፕሮግራሚንግና የምህንድስና ሥዕል ይሰጣል። ማሽን ለመንካት ጓጉቶ የገባ ተማሪ እዚህ ላይ ቅር ሊለው ይችላል። ሆኖም ኋላ የሚመጣው ኮርስ ሁሉ ተማሪው ካልኩለስን አውቆታል ብሎ ስለሚነሳ፣ አንደኛ ዓመት ላይ የተዘለለው ሦስተኛ ዓመት ላይ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ትምህርቱ በእርግጥ የሚጀምረው በስታቲክስ፣ ማለትም በማይንቀሳቀስ አካል ላይ የሚያርፉ ኃይሎች ጥናት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሚከብደው የትኛው ኃይል የት እንዳለ መለየቱ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ፍሪ ቦዲ ዳያግራም ይባላል፦ አንዱን አካል ከአካባቢው ነጥሎ መሳል፣ ከዚያም የሚያርፍበትን ኃይል ሁሉ በቀስት ማመልከት። ግድግዳ የተደገፈ መሰላል እንውሰድ። ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፤ ወለሉ ወደ ላይ፣ ግድግዳው ወደ ጎን ይገፉታል፤ የወለሉ ሰበቃ ደግሞ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ግድግዳው ሰበቃ የለውም ካልን ያልታወቁት ኃይሎች ሦስት፣ የሚዛን እኩልታዎቹም ሦስት ስለሆኑ ጥያቄው ይፈታል። ግድግዳውም ሰበቃ አለው ካልን ግን ያልታወቁት አራት ይሆናሉ፤ እኩልታዎቹ ያው ሦስት ናቸው። ያኔ ሌላ መረጃ ወይም ግምት ካልተጨመረ መልስ የለም። ሥዕሉን ዘሎ ወደ ቀመር የሚሮጥ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ የሸመደደው ጥያቄ ትንሽ ሲቀየርበት የሚይዘውን ያጣል።

ቁስ ጭነትን እንዴት እንደሚችል በሚጠናበት በስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ይኸው ልማድ ወደ ቁሱ ውስጥ ይገባል። አንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ 2 ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 60 ሚሊሜትር የሆነ አግድም የወጣ ድፍን የብረት ምሰሶ ነፃ ጫፉ ላይ 500 ኒውተን ተጫነበት እንበል። ግድግዳው ዘንድ ያለው ሞመንት (ኃይሉ በርቀቱ ተባዝቶ የሚገኘው የማጉበጥ አቅም) 1000 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ከፍተኛ ስትረስ (በቁሱ ውስጥ በስፋት አሃድ የሚያርፈው ኃይል) 42 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። ምሰሶው በጎኑ ቢጋደም ስትረሱ ወደ 62.5 ያድጋል፣ መጉበጡም 2.25 እጥፍ ይሆናል። ብረቱም ጭነቱም አልተለወጡም፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። እዚህ ስሌት ውስጥ ግን አንድ ነገር ተረስቷል፦ ምሰሶው ራሱ ወደ 38 ኪሎግራም ይመዝናል። የራሱ ክብደት በሞመንቱ ላይ 37 በመቶ ይጨምርና የመጀመሪያውን ስትረስ ከ42 ወደ 57 ሜጋፓስካል ያደርሰዋል። ክብደቱን መተው የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ የሚተወው ግን ተሰልቶ ትንሽ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት ሜትርና ሚሊሜትርን በአንድ ቀመር ውስጥ መቀላቀል ነው፤ መልሱን በሺህ እጥፍ ወይም ከዚያም በላይ ያበላሸዋል።

በቴርሞዳይናሚክስ ስህተቱ መልኩን ይቀይራል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስን ወደ 293 ኬልቪን ሳይቀይሩ በጋዝ ቀመር ውስጥ መክተት፣ ወይም የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 3 ባር ሲያሳይ የከባቢ አየሩን 1 ባር ሳይደምሩ መሥራት በየዓመቱ ነጥብ ያስጥላል። የፈሳሽና የጋዝ ፍሰት በሚጠናበት በፍሉድ ሜካኒክስ ደግሞ መጀመሪያ ፍሰቱ ለስላሳ ወይም የተናወጠ መሆኑን የሚጠቁመው የሬይኖልድስ ቁጥር ይሰላል፤ በክብ ቧንቧ ውስጥ ከ2300 ገደማ በታች ፍሰቱ ለስላሳ ነው፣ ከዚያ በላይ የለስላሳ ፍሰት ቀመሮችን መጠቀም አይቻልም።

ወርክሾፕ ውስጥ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብረት ይሆናል። ብረትን እያሽከረከረ በሚቆርጠው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ ተማሪው መጀመሪያ የሚያሰላው የዙር ፍጥነት ነው፦ የመቁረጫ ፍጥነቱ በደቂቃ 25 ሜትር፣ የብረቱ ዲያሜትር 40 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ይሆናል። ኩሽኔታ የሚገባበት ዘንግ 25 ሚሊሜትር ሆኖ ኤች 7 (h7) በሚባለው የልክ ደረጃ ቢታዘዝ፣ የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ታች 0.021 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ገና ከመቁረጫው እንደወጣ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ የሚለካ ዘንግ ያሳስታል፤ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ የጨመረ ብረት በዚህ ዲያሜትር ላይ 0.012 ሚሊሜትር ያህል ያብጣል፣ ይህም ከተፈቀደው ልዩነት ግማሽ በላይ ነው። ስለዚህ በርዶ ነው በማይክሮሜትር የሚለካው። ከሁሉ በፊት ግን ደኅንነት ይቀድማል፦ ብረቱን የሚይዘውን የቸኩን ቁልፍ ከቸኩ ላይ ሳያነሱ ማሽኑን ማስነሳትና በሚሽከረከር ብረት አጠገብ ጓንት ማድረግ ክልክል ነው። ጓንቱ ከተያዘ እጅን ይዞ ይሄዳል።

ከፍ ባሉት ዓመታት ማሽን ዲዛይን፣ ሂት ትራንስፈር፣ ንዝረትና ኮንትሮል ይመጣሉ፤ ሥዕሉም በኮምፒውተር ይሠራል። የስትረስ ትንተና ሶፍትዌር ያማረ ባለቀለም ምስል ስለሚሰጥ በቀላሉ ይታመናል። ሹል የውስጥ ማዕዘን ያለው ሞዴል ላይ ግን ሶፍትዌሩ ሞዴሉን ለስሌት የሚከፋፍልበት መረብ በደቀቀ ቁጥር ስትረሱ ማቆሚያ ሳይኖረው ይወጣል፤ ያ ቁጥር የብረቱ ሳይሆን የሞዴሉ ጠባይ ነው። በእጅ የተሠራ ግምታዊ ስሌት ከጎኑ ከሌለ ተማሪው ይህን አያስተውልም።

የመጨረሻው ዓመት ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ በቡድን ይሠራል። ብዙ ቡድን የሚጎዳው በንድፉ ድክመት ሳይሆን ዕቃ ዘግይቶ በመታዘዙ ነው፤ ሞተሩ ሲደርስ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፣ ዘንጉ እንደገና ይቆረጣል፣ ለሙከራ የተተወው ጊዜ በመግጠም ያልቃል። ልምድ ያላቸው አማካሪዎች ሞተሩንና ኩሽኔታዎቹን አስቀድመው አስመርጠው፣ የቀረውን አካል በእነርሱ ልክ ያስነድፋሉ።