ጊልድ ምንድን ነው?

ራት ቀርቧል። ልጁ ሄድፎኑን እንዳደረገ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሏል። እናቱ ሦስት ጊዜ ጠራችው። «መጣሁ፣ አሥር ደቂቃ!» ይላል። አሥሩ ደቂቃ ግን አያልቅም። ብዙ ጊዜ አላስነሳ ያለው ጌሙ ራሱ ሳይሆን ጊልዱ ነው።

ጊልድ ኦንላይን ጌም ውስጥ ተጫዋቾች የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። ስም፣ መሪና ደንብ አለው። የቀረ ሰው «የት ጠፋህ?» ይባላል። ማኅበር ወይም ዕቁብ ያለው ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን ኦንላይን ጌም እንይ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞልተን ኮር ወደሚባለው የእሳት ዋሻ እስከ 40 ተጫዋች አብሮ ይገባ ነበር። አንዱ ፊት ቆሞ የጭራቁን ዱላ ይቀበላል፣ ሌላው ያክመዋል፣ የቀሩት ይመታሉ። አካሚው ራት ሊበላ ቢነሳ ፊት ያለው ይወድቃል። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ያልቃሉ። «ቆይ አንዴ» ብሎ ማቆም ደግሞ አይቻልም።

ጭራቁ ሲሞት የሚገኘው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ፈላጊው ብዙ። እንደ ዕቁብ ዕጣ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ዕጣ ዘወትር የሚመጣውንና ብቅ ጥልቅ የሚለውን አይለይም። ስለዚህ ብዙ ጊልዶች ዲኬፒ የሚባል ነጥብ ይይዙ ነበር። በመጣህ ቁጥር ነጥብ ታጠራቅማለህ፣ ዕቃውን በነጥብህ ትገዛለህ። ይህን ያመጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ እኔን ከግራፊክሱ ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ኖርዌያዊው ማትስ ስቴን ጡንቻ በሚያዳክም ሕመም ምክንያት በዊልቼር ነበር የሚንቀሳቀሰው። በዚሁ ጌም ውስጥ ግን ኢበሊን የሚባል ጎበዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በ25 ዓመቱ አረፈ። ወላጆቹ ልጃችን ብቸኛ ነበር ብለው ያስቡ ነበር። መሞቱን ብሎጉ ላይ ሲጽፉ የጊልዱ ጓደኞች የሐዘን መልእክት ጎረፈላቸው። ለቀብሩ ከሌላ አገር የመጡም ነበሩ።

ሌላም ገጽ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጌም ሱስ ተካቷል። ዋናው ምልክት ሰዓት መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ሕይወት እየተበላሸም ማቆም አለመቻል ነው። ጊልድ ማቆምን ያከብዳል። ጌም መተው ቀላል ነው፤ የሚጠብቁህን 39 ሰዎች መተው ግን ይከብዳል።

ራቱስ? በአንዱ ጭራቅና በሚቀጥለው መካከል አጭር ዕረፍት አለች። ልጁ «አሥር ደቂቃ» የሚለው እሷን እየጠበቀ ነው።