የካሊፎርኒያ መታሰቢያ ስታዲየም፦ ቢያፈርሱት የማይተካ

የካሊፎርኒያ መታሰቢያ ስታዲየም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ግቢ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ስትሮቤሪ ካንየን በሚባለው ሸለቆ አፍ ላይ የሚገኝ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ነው። (እዚህ ፉትቦል የምንለው በእጅ የሚያዘውንና የሚወረወረውን ባለ ሞላላ ኳስ ጨዋታ ነው። ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የካሊፎርኒያ ሰዎች መታሰቢያ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1923 በርክሊ ስታንፎርድን 9 ለ 0 ባሸነፈበት ግጥሚያ ተመርቋል። ነዳፊው አርክቴክት ጆን ጌለን ሃዋርድ ነበር። ምዕራባዊው ግማሽ በአርማታ ኮለኖች ላይ የቆመ ነው። ምሥራቃዊው ግን ኮረብታው ተቆርጦ አፈሩ ላይ የተደረደረ እርከን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቁልቁለት፣ ትኬት ሳይገዙ ጨዋታ የሚያዩ ሰዎች የሚቀመጡበት፣ «የቆጣቢዎች ኮረብታ» እንደማለት የሆነ ቅጽል ስም አለው።

ስታዲየሙን ከሌሎች ሁሉ የሚለየው ከሥሩ ያለው ነገር ነው። የሄይዋርድ የመሬት ስንጥቅ ከአንዱ የጎል ምሰሶ ወደ ሌላው በሚያደርስ አቅጣጫ ሜዳውን ለሁለት ከፍሎት ያልፋል። ስንጥቁ በ1868 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ አስነስቶ ነበር። በአዘቦቱም ቢሆን አያርፍም፤ በዓመት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይንሸራተታል። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ሲጠራቀም ግን የስታዲየሙን ሁለት ግማሾች 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አለያይቷል። በግንቡ ጠርዝ ላይ ሰው እጁን የሚያስገባበት ክፍተት ከፍቷል፣ ኮለኖችንም አዛብቷል። ውኃ በዚያ ክፍተት ሲገባ ፌሮው ይዝጋል፣ የዛገ ፌሮ ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ አርማታውን ከውስጥ እየገፋ ይሸርፈዋል።

ሕጉ እና አንድ ቃል

«ለምን አፍርሰው አዲስ አይሠሩም?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ቀላል መልስ አለው፦ ካፈረሱት እዚያው ቦታ ላይ መልሰው ሊሠሩት አይችሉም። በ1971 የሳን ፈርናንዶ መንቀጥቀጥ ማግስት፣ በ1972 የወጣው የካሊፎርኒያ የአልክዊስት-ፕሪዮሎ ሕግ ሰው የሚገለገልበት አዲስ ሕንፃ በንቁ ስንጥቅ ላይ እንዳይቆም ይከለክላል። የተለመደው ርቀት 50 ጫማ፣ 15 ሜትር ያህል ነው። ነባር ሕንፃን ማሻሻል ግን ይፈቀዳል፤ ወጪው ከሕንፃው ዋጋ ከግማሽ እስካልበለጠ ድረስ። ስለዚህ ግንቡን ማቆየት ናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ ቦታውን ይዞ ለመቆየት የቀረ ብቸኛ መንገድም ነበር። በ2006 በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ መስፈሩም የማፍረስን ሐሳብ ይበልጥ አራቀው።

ዳሩ ግን «ዋጋ» ማለት ምንድን ነው? ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው፣ ወይስ ያረጀው ሕንፃ አሁን የሚያወጣው? «ማስፋፊያ» የሚባለውስ ከየት ይጀምራል? ዩኒቨርሲቲው ከምዕራባዊው ግንብ ጎን የስፖርተኞች ማሠልጠኛ ማዕከል ሊገነባ ሲነሳ የበርክሊ ከተማ፣ የአካባቢው ነዋሪዎችና የዛፍ ተቆርቋሪዎች ክስ የመሠረቱት በዚሁ ቃል ላይ ነው። የተቃውሞው ሌላ ገጽታ ግን የበለጠ ታውቋል፦ ማዕከሉ በሚቆምበት የኦክ ዛፎች ጥሻ ውስጥ ሰዎች ከዲሴምበር 2006 እስከ ሴፕቴምበር 2008 ድረስ፣ 21 ወር፣ ዛፍ ላይ ሰፍረው ከረሙ። ፍርድ ቤቱ ግን የተመለከተው ዛፉን ብቻ ሳይሆን ቢሙንም (አግዳሚ የአርማታ ተሸካሚውን) ነበር፤ ማዕከሉ ከነባሩ ግንብ ጋር በምን ይያያዛል የሚለውን። በመጨረሻ ማዕከሉ ራሱን የቻለ ሕንፃ ሆኖ ተሠራ፤ በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ለዩኒቨርሲቲው ወሰነ።

ሥራው እንዴት ተሠራ

የዩኒቨርሲቲው ቡድን በ2010 መጨረሻ ሜዳውን ለቀቀ፤ የ2011ን የውድድር ዘመን በሳን ፍራንሲስኮ የቤዝቦል ስታዲየም ተጫወተ፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2012 ተመለሰ። በሁለት የውድድር ዘመናት መካከል ያለው ጊዜ፣ ከዲሴምበር እስከ ኦገስት፣ ስምንት ወር ብቻ ነው። መቀመጫ መቀየር ወይም መብራት መትከል በዚያ ውስጥ ይገባል፤ ኮለን ነቅሎ መተካት ግን አይገባም። ስለዚህ አንድ ዓመት መሰደድ ግድ ሆነ።

በምዕራብ በኩል የውጩ ታሪካዊ ግንብ ተደግፎ እንዲቆም ተደረገና የውስጡ እርከን በሙሉ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራ። ሜዳውም 4 ጫማ ያህል ዝቅ ብሏል። ስንጥቁ ግንቡን በሚያቋርጥባቸው በሰሜንና በደቡብ ጫፎች መሐንዲሶቹ ስታዲየሙን ቆርጠው ራሳቸውን የቻሉ ብሎኮች አደረጉ። ብሎኮቹ ከመሬት ጋር አልታሰሩም፤ በወፍራም አርማታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከምንጣፉ ሥር ደግሞ በፕላስቲክ ንጣፎች መካከል አሸዋ አለ። መሬቱ ሲሄድ ብሎኩ በላዩ ይንሸራተታል እንጂ አይሰነጠቅም። ስሌቱ ወደ ጎን 6 ጫማ፣ ወደ ላይ 2 ጫማ እንቅስቃሴን ታሳቢ ያደረገ ነው። ከምዕራባዊው ጠርዝ በላይ የተቀመጠው የጋዜጠኞችና የክብር እንግዶች ሕንፃም ከእርከኑ ተለይቶ ቆሟል። በነውጥ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ዘንበል ብለው ወደ ቦታቸው የሚመለሱ የአርማታ ግንቦች ይሸከሙታል፤ የመኪና አሞርዛተርን የመሰሉ ንዝረት ማብረጃዎችም ተገጥመውለታል። ምሥራቃዊው እርከን ግን በአብዛኛው እንደነበረ ቀርቷል።

ከእድሳቱ በፊት ከ70,000 በላይ ሰው ይይዝ የነበረው ስታዲየም ሲከፈት ወደ 63,000 ወርዶ ነበር። ይህ በየትኛውም አሮጌ ስታዲየም የሚጠበቅ ነው። ባለ 46 ሴንቲ ሜትር የአግዳሚ ወንበር ቦታ 53 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ባለ መደገፊያ ወንበር ከተተካ፣ 18 ሜትር ርዝመት ያለው መደዳ ከ39 ሰው ወደ 33 ይወርዳል። የመተላለፊያውና የዊልቸር ቦታው ሲጨመር ቁጥሩ ይበልጥ ያንሳል።

የቃል ጣጣው በርክሊ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1927 የተከፈተው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 72,000 ሰው እንዲይዝ ቢሠራም፣ አስገንቢው ፊልዲንግ ዮስት መሠረቱ ከ100,000 በላይ እንዲሸከም አድርጎ ስለጣለው ማስፋቱ ለተከታዮቹ ቀላል ሆኗል። ሆኖም በ2007 የአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። ዩኒቨርሲቲው ሥራው «ጥገና» ነው አለ፤ ከሳሾቹ ደግሞ የሕንፃ ለውጥ በመሆኑ ሕጉ የዊልቸር ቦታ ያስገድዳል አሉ። በ2008 በስምምነት ሲያልቅ የዊልቸር ቦታው ከመቶ በታች ከነበረበት ከ300 በላይ እንዲሆን ተወሰነ። የዚህ ትምህርት ለማንም ይጠቅማል፦ የሕግ ባለሙያው ከአርክቴክቱ ቀድሞ ይጠራ።

መተካቱም የራሱ ዋጋ አለው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1924 የተሠራውን ስታዲየሙን ትቶ በ1982 ከተማው መሐል ወዳለው ባለ ጣሪያ ሜትሮዶም ገባ። እዚያ ተከራይ እንጂ ባለቤት አልነበረም፤ ከተማሪውም ራቀ። በ2009 በ288.5 ሚሊዮን ዶላር ግቢው ውስጥ አዲስ ሠርቶ ተመለሰ። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1926 የተከፈተውንና 47,000 ሰው የሚይዘውን ሜዳ በ2024 አፍርሶ፣ በዚያው ቦታ ለ35,000 ሰው ብቻ የሚሆን ስታዲየም ሊገነባ ተነሳ። ስታዲየሙ የሚገኝበት የኤቫንስተን ከተማ ምክር ቤት ዋናው ክርክር ኮንሰርት ይፈቀድ አይፈቀድ የሚል ነበር፤ ኮንሰርቱን የፈቀደውም በከንቲባው ወሳኝ ድምፅ፣ 5 ለ 4 ነው።

ወደ በርክሊ ስንመለስ፣ የስታዲየሙ እድሳት ብቻ 321 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ከማሠልጠኛው ጋር ዕዳው ወደ 445 ሚሊዮን ደረሰ። የታሰበው መክፈያ እንደየቦታው ከ40,000 እስከ 225,000 ዶላር የሚሸጥ የ40 እና የ50 ዓመት የመቀመጫ መብት ነበር። ሽያጩ ግን በገንዘብ ቀውሱ ወቅት ወጥቶ እንደታሰበው አልሄደም። እስከ 2032 የሚከፈለው ወለድ ብቻ ነው፣ በዓመት 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፤ ዋናው ገንዘብ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። በ2018 ዩኒቨርሲቲው የዕዳውን ግማሽ ያህል ከስፖርት ክፍሉ ላይ አንስቶ ወደ ራሱ ወሰደ። የመታሰቢያው ስም ሳይነካ የሜዳው ስም ብቻ ሁለት ጊዜ ተሸጧል፦ በ2013 ለካባም ለተባለ የጌም ኩባንያ፣ በ2021 ኤፍቲኤክስ ለተባለ የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያ ኩባንያ። የመጀመሪያው ውል 15 ዓመት ሊቆይ ታስቦ በሦስት ዓመት ተቋረጠ፤ ሁለተኛው ውል ኤፍቲኤክስ በ2022 ሲከስር አብሮ ቀረ።