«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም»

ይህን ምሳሌ ብዙ ጊዜ የምንሰማው በንቀት ሲነገር ነው። ሰዎች ተሰባስበው አንድ ነገር ሲጠይቁ፣ ጉልበት አለኝ የሚለው ወገን «ተዋቸው፣ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይላል። ብዛታችሁ አያስፈራኝም ማለቱ ነው።

ምስሉ የጓዳ ነው። ጠላ የተጠመቀበት ወይም ጠጅ የተጣለበት ጋን አፉ በደንብ ይከደናል። የጠላው ጋን ሲሆን ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። መፍላት ሲጀምር ሽታው ዝንቡን ከየትም ይጠራዋል። ክዳኑ ላይ ይርመሰመሳል። ክዳኑ ግን ንቅንቅ አይልም።

እኔን የሚገርመኝ ውስጥ ያለው ጠጅ ነው። ጠጁ ከማር ነው፣ ማሩ ደግሞ ከንብ። ንብም ብትሆን ለብቻዋ አቅም የላትም። አንዲት ሠራተኛ ንብ በዕድሜዋ ሙሉ የምትሠራው ማር አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ የማንኪያው 1/12 ገደማ ቢሆን ነው።

ወደ ከፋና ሸካ ደን እንሂድ። ንብ አናቢዎች ረጃጅም ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ ይሰቅላሉ። አንድ ቀፎ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች ይኖራሉ። አበባ ያገኘችው ተመልሳ፣ በጨለማው ውስጥ እየተወዛወዘች አቅጣጫውንና ርቀቱን ለእኅቶቿ ትነግራለች። ቀፎው ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ከአበባ የመጣውን ፈሳሽ ውሃውን ያደርቁታል። ማር የሚሆነው እንዲህ ነው።

ዝንብም ሰነፍ አይደለችም። ጣዕም በእግሯ ትለያለች፤ ምግብ ያለበትን ፈጥና ታገኛለች። ነገር ግን መቶ ዝንብ አንድ ቦታ ቢያርፍ፣ መቶውም የመጣው ለየራሱ አፍ ነው። የጋራ ቤት የላቸውም። አንዷ ለሌላዋ ተሸክማ አትመጣም።

ስለዚህ ግሡን ልብ በሉልኝ። ምሳሌው «ቢሰበሰብ» አለ እንጂ «ቢያብር» አላለም። ስለ ማበር ሌላ አነጋገር አለን፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ሁለቱ ይጋጫሉ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግጭቱ አይታየኝም። አንደኛው ስለ ቁጥር፣ ሌላው ስለ መተሳሰር ነው የሚያወራው።

በየወሩ ጥቂት ብር አዋጥቶ ድንኳን የገዛ፣ ለቅሶ ቤት ሌሊቱን አብሮ የሚያድር የሰፈር እድርተኛ ላይ ይህ ምሳሌ ሲወረወር ግን በጣም ያመኛል። ያ እድር ቀፎ ነው።