«ቴኒስ ደግሞ ምን ብሔራዊ ቡድን አለው?»

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሕንፃችን ጀርባ መስኮት የሌለው ግድግዳ አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ራኬቴን ይዤ ከእሱ ጋር እጫወታለሁ። ግድግዳው እስካሁን አንድ ጊዜም አልተሸነፈልኝም። ከዚያ ቡና ልጠጣ ስገባ የሚጠብቀኝ ክርክር ግን ከግድግዳውም ይጠነክራል። እዚያ ተቀምጬ ደጋግሜ የሰማኋቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ቴኒስ የግል ስፖርት ነው፤ ብሔራዊ ቡድን የለውም።» ይህን ያሉኝ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ ናቸው፤ በእግር ኳስ ጉዳይ ግን የሚረታቸው የለም። የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች የሚፋለሙበት ዴቪስ ካፕ የተጀመረው በ1900 ነው፤ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ ሊካሄድ ገና 30 ዓመት ሲቀረው። ድዋይት ዴቪስ የተባለ የሃርቫርድ ተማሪ የብር ዋንጫ አሠራ፤ አሜሪካና ብሪታንያ ቦስተን ላይ ተጋጠሙ፤ አሜሪካ 3 ለ 0 አሸነፈች። በዚህ ውድድር ተጫዋቹ ብቻውን አይደለም። ካፒቴን የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራኬት አይዝም፤ ሜዳው ጠርዝ ላይ ወንበር ተሰጥቶት ተጫዋቹ ባረፈ ቁጥር ይመክረዋል። ማን በነጠላ (አንድ ለአንድ) እንደሚሰለፍ፣ ማን ከማን ጋር በጥንድ (ሁለት ለሁለት) እንደሚጫወት የሚወስነውም እሱ ነው።

«አንድ ኮከብ ያለው አገር ዋንጫውን ይወስዳል።» የስዊዘርላንዱ ሮጀር ፌደረር በግል 17 ታላላቅ ዋንጫዎችን (ግራንድ ስላም) ከሰበሰበ በኋላ እንኳ ዴቪስ ካፕን አላገኘም ነበር። ስዊዘርላንድ ያሸነፈችው በ2014 ሊል ከተማ ላይ ፈረንሳይን ረትታ ነው። በዚያ ፍጻሜ የመጀመሪያ ቀን ፌደረር በጋኤል ሞንፊስ ተሸነፈ፤ ቡድኑን ያቆየው ስታን ዋውሪንካ ነበር። በ2010 ፍጻሜም ሰርቢያዊው ኖቫክ ጆኮቪች ሁለቱንም የነጠላ ጨዋታዎቹን አሸንፎ ሰርቢያ ገና አልተረጋጋችም ነበር፤ የመጨረሻዋን ነጥብ ያመጣው ቪክቶር ትሮይስኪ ነው።

እርግጥ ነገሩ ከ2019 ወዲህ ትንሽ ተቀይሯል። ድሮ አራት የነጠላና አንድ የጥንድ ጨዋታ በሦስት ቀን ይካሄድ ነበር፤ አሁን በፍጻሜው ምዕራፍ ሁለት የነጠላና አንድ የጥንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በነጠላም በጥንድም ካሸነፈ አገሩን አሳለፈ ማለት ነው። ጣሊያናዊው ያኒክ ሲነር በ2023 ግማሽ ፍጻሜ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጆኮቪችን በነጠላ ካሸነፈ በኋላ ከሎሬንሶ ሶኔጎ ጋር ተጣምሮ በጥንድ ደገመው። ይሁንና ሶኔጎ ባይኖር በሁለተኛው ጨዋታ ማን አብሮት ይቆም ነበር? በ2025ማ ጣሊያን ሲነር ሳይሰለፍ ቦሎኛ ላይ ስፔንን 2 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ወስዳለች።

«ከፍታ ላይ ስለምንኖር እንደ ሩጫው ሁሉ ቴኒስም ይቀናናል።» ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ለመንቀል ያስቸግራል። የሳንባው ነገር ለሯጮቹ ይቅር፤ እዚህ ጉዳዩ ያለው ኳሱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታ ኳስ የሚገታው ነገር ያንሰዋል፤ ይፈጥናል፣ ይርቃል። እያሽከረከሩ የመቱት ኳስም እንደ ቆላው ቶሎ ወደ መሬት አይጎነበስም። በውስጡ የታመቀ አየር ያለው ተራ ኳስ ደግሞ የውጪው ግፊት ሲቀንስ ይበልጥ ይነጥራል። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ያስቀመጠው። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት ኳሱ ነጥሮ ከራሴ በላይ አልፎ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ ሲያርፍ ጥፋቱን ሁሉ በክንዴ አላክክ ነበር።

ከፍታ የሚጠቅመው እንግዳው ቡድን ሳይለምደው ሲመጣ ነው። አንዱ በአንዱ አገር ሄዶ በሚጫወትባቸው ምድቦች ቦታውንና የሜዳውን ዓይነት የሚመርጠው አስተናጋጁ ስለሆነ፣ ቦሊቪያ እንግዳዋን 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ላ ፓዝ መጥራት ትችላለች። በታችኞቹ ምድቦች ግን አገሮች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው በጥቂት ቀናት ይጨርሳሉ። ያ ከተማ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሆነ ደጋ ላይ የለመደው ልጅ ነው የሚቸገረው፤ ኳሱ እጁ የሚያውቀውን ያህል አልሄድለት ይላል።

«ውድድሩ የሀብታም አገሮች ነው፤ አፍሪካ ምን አገባት?» የሚሳተፉት አገሮች ከ150 በላይ ናቸው። ውድድሩ በምድብ በምድብ የተደረደረ መሰላል ነው፤ ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። ኢትዮጵያም በታችኞቹ የአፍሪካ ምድቦች ተጫውታለች። ዋንጫውን የወሰደች አንዲት አፍሪካዊት አገር አለች፤ በ1974 ደቡብ አፍሪካ። ግን ፍጻሜው ሳይደረግ ነው፤ ሕንድ አፓርታይድን በመቃወም አልጫወትም አለች፤ ዋንጫው በፎርፌ ተሰጠ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተባት ከተማ ለሚኖር ሰው ከዚያ ዋንጫ ይልቅ የሕንድ መቅረት ቢያኮራው አይፈረድበትም።

በሜዳ ላይ የተገኘውን ከፈለጋችሁ ዚምባብዌ አለች። በ1998 የዓለም ምድብ በሚባለው የመሰላሉ የላይኛው እርከን አውስትራሊያን በገዛ አገሯ 3 ለ 2 አሸነፈች። የቡድኑ ምሰሶዎች ወንድማማቾቹ ባይረንና ዌይን ብላክ ያደጉት ከሐራሬ ወጣ ብሎ ባለ የአቮካዶ እርሻ ላይ ነው፤ አባታቸው እዚያው የሣር ሜዳ ሠርቶላቸው ነበር። ችግረኞች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ የሣር ሜዳ ያለው እርሻ የችግረኛ አይሆንም።

«እንደ ዓለም ዋንጫ በአራት ዓመት አንዴ ነው።» በየዓመቱ ነው።

«ቴኒስማ እኛም ሰፈር አለ፤ ልጆቹ ሲጫወቱ እየዋሉ።» ያ የጠረጴዛ ቴኒስ ነው፤ ዴቪስ ካፕ ደግሞ የሜዳ ቴኒስ። የጠረጴዛውም ቢሆን በወንዶች ቡድን የዓለም ሻምፒዮና የሚሸለም የራሱ ዋንጫ አለው፤ ስዌይትሊንግ ካፕ ይባላል። ይህን ለመምህሩ ስነግራቸው «ታዲያ የጆተኒስ?» አሉኝ።