«የቆዳውን ኮድ ላክልኝ»፦ ስለ ዲጂታል ፖርትሬት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሀዋሳ ውስጥ ለልደት፣ ለምርቃትና ለሰርግ ስጦታ የሚሆን ዲጂታል ፖርትሬት፣ ማለትም በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚሳል የሰው ፊት፣ እሠራለሁ። መማር የሚፈልጉ ልጆች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ይመጣሉ። አብዛኞቹ ዓይን ይስላሉ፤ አፍንጫም አያቅታቸውም። ቆዳ ላይ ሲደርሱ ግን ሰውየው ወይ ፕላስቲክ ይሆናል ወይ ጭቃ። ችግሩ እጃቸው አይደለም። ከቪዲዮ፣ ከጓደኛ፣ አንዳንዴም ከእኔው የድሮ ምክር የለቃቀሙት ነገር ነው።

«የጠይም ቆዳ ኮድ ላክልኝ»

ይሄ መልእክት ስልኬ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ኮድ (የቀለም መለያ ቁጥር) ለጠይም፣ አንድ ለቀይ፣ አንድ ለጥቁር፤ ከዚያ ቦታውን በአንድ ቀለም በምትሞላው የባልዲ መሣሪያ መሙላት ነው።

እንደዚያ የሚባል ኮድ የለም። ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጓደኛችሁን ፎቶ አንሱት። ከዚያ በከለር ፒከር (የነካችሁትን ቦታ ቀለም በሚያነብላችሁ መሣሪያ) ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ የአፍንጫውን ጫፍ፣ አገጩንና አንገቱን ንኩ። አምስት ቦታ፣ አምስት ቀለም። ግንባር ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ያደላል። ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ደም ስለሚበዛባቸው ወደ ቀይ ይሄዳሉ። ጢም የሚበቅልበት አገጭ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ግራጫ ይጠጋል። አንገቱ ላይ የሣሩ አረንጓዴ ብታገኙ አትደንግጡ።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ 360 ዲግሪ ባለው የቀለም ክብ ላይ የሰው ቆዳ የሚገኘው ከሞላ ጎደል ብርቱካናማው ሠፈር ነው። ቀይ የምንላትም ጥቁር የምንለውም እዚያው ጎረቤት ናቸው። በዋናነት የሚለያዩት በፍካትና በጥልቀት ነው። «ልጅቷ ቀይ ናት» ስለው ስላይደሩን እስከ ቀይ የገፋ ተማሪ ነበረኝ። ቲማቲም አደረጋት። በእኛ አማርኛ ቀይ ሴት ማለት ፈካ ያለች ማለት እንጂ ቀይ ማለት አይደለም!

በነጭ ካንቫስ መጀመርም እዚሁ ስህተት ውስጥ ይካተታል። ነጭ ላይ የተቀባ ማንኛውም ቡናማ ከሚገባው በላይ ጠቁሮ ይታያል። የቢሾፍቱው ሠዓሊ ለማ ጉያ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሰው ፊት በፍየል ቆዳ ላይ በመሳል ይታወቁ ነበር። የእነዚያ ሥራዎቻቸው መነሻ ነጭ ሸራ አልነበረም። እኔም ካንቫሱን መጀመሪያ መካከለኛ ቡናማ ቀብቼ ነው የምነሳው። ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም ለመሄድ ይቀላል።

«ጥላ ማለት ጥቁር መጨመር ነው»

አንዲት ደንበኛ የእናቷን ፖርትሬት አሠራችኝ። እናት ነጠላ ለብሰው፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነው። ሥራውን ሳሳያት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ እማዬ የታመመች መሰለች» አለችኝ። ልክ ነበረች። የጥላውን ቦታ በሙሉ በግራጫና በጥቁር ነበር ያለበስኩት። ቆዳ ላይ ግራጫ ሲደረብ ደሙ የሸሸ ይመስላል።

ማታ መብራት ሲጠፋ (ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም) የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ጣታችሁን ለጥፉበት። ጣታችሁ እንደ ፍም ይቀላል። ብርሃን ቆዳን ነክቶ ብቻ አይመለስም። የተወሰነው ውስጥ ይገባል፣ ይበተናል፣ ከገባበት ትንሽ ራቅ ብሎ ይወጣል። ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን አረንጓዴውንና ሰማያዊውን አብዝቶ ይውጣል፤ ቀዩ ግን ራቅ ብሎ ይጓዛል። በኮምፒውተር ግራፊክስ ይሄ ሰብሰርፌስ ስካተሪንግ ይባላል። ሄንሪክ ቫን ዬንሰንና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ይህን ለማስላት የሚያመች ዘዴ አሳተሙ። ጥናቱ በ2004 ኦስካርን የሚሰጠውን አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አስገኝቷል። ጣት ላይ ከሚታየው ነገር እስከ ሆሊውድ መድረክ ማለት ነው።

ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ይሄ ነው፦ ብርሃኑ አልቆ ጥላው በሚጀምርበት ድንበር ላይ ቀለሙ ደመቅ፣ ሞቅ ይላል። ቀጭን መስመር፣ ወደ ቀይ ብርቱካናማ፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ወደ ጥልቅ ቀይ ቡናማ። ፀሐይ ከጀርባው የመጣችበት ሰው ጆሮ ላይ ይሄ ጎልቶ ይታያል። ግን በልክ። ሜላኒን (ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም) ሲበዛ ብርሃኑ ውስጥ ስለሚዋጥ ጥቁር ቆዳ ላይ ይሄ ነገር ለስለስ ያለ ነው። አንዳንድ ተማሪ ደግሞ ነገሩን ሲያውቅ በርበሬ እንደበዛበት ወጥ ያደርገዋል።

ጥላ ከዙሪያውም ይበደራል። እናትየዋ ነጠላ ለብሰዋል አላልኩም? ነጭ ነጠላ ደረት ላይ ሲያርፍ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል። አገጫቸው ሥር ጨለማ ሊሆን አይችልም ነበር። እኔ ግን ፎቶውን ከማየት «አገጭ ሥር ጥላ አለ» የሚለውን ሕጌን ነበር የሳልኩት። ግራጫውን አጥፍቼ፣ ድንበሩን ሞቅ አድርጌ፣ አገጩ ሥር ከነጠላው የመጣችውን ፈዛዛ ብርሃን ጨመርኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ደንበኛዋ መጥታ ወሰደችው።

«ጥቁር ሰው ሲሳል ብርሃኑን መቀነስ ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል። በተለይ በእኛ አገር ሰው አፍ ሲነገር።

«ጠይም ዓሣ መሳይ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን እኮ። አንድ ቀን በማለዳ አሞራ ገደል ውረዱና ከመረብ የወጣ ቆሮሶ በእጃችሁ ያዙ። ጀርባው ጠቆር ያለ ነው። ላዩ ላይ ግን የሰማይ ቁራጭ ተኝቶበታል፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ መስመር። ዓሣውን ዘንበል ስታደርጉት መስመሩ ይንሸራተታል። ሃይላይት ማለት ይሄው ነው፤ የዓሣው ሳይሆን የሰማዩ ቀለም።

የሰው ቆዳም እንደዚያው ነው። ከላይኛው ሽፋን እንደ መስታወት የሚመለሰው ብርሃን በሜላኒን ብዛት አይወሰንም። ለቀዩም ለጥቁሩም ይቀራረባል። ልዩነቱ ሥሩ ያለው ቀለም ሲጠቁር ያው ብርሃን ጎልቶ መታየቱ ነው። ስለዚህ ጥቁር ፊት ስትስሉ ሃይላይቱን አትፍሩት። ግንባር፣ የአፍንጫ ግንድ፣ የጉንጭ አጥንት፣ የታችኛው ከንፈር። ንጹሕ ነጭ ብቻ አታድርጉት። ደጅ ጥላ ሥር ከሆነ ወደ ሰማያዊ፣ ፀሐይ በሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ከሆነ ወደ ወርቅ።

ደንበኛ ድሮ የታተመ ፎቶ ሲያመጣ ደግሞ ተጠንቀቁ። በፊልም ዘመን የፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የኮዳክ ናሙና ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታት ካርዱ ላይ የነበሩት ነጭ ሴቶች ናቸው። የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አያትየው ፎቶው ላይ ጥቁር ጠፍጣፋ ቢመስሉ ፊታቸው እንደዚያ ስለነበር አይደለም። የልጃቸውን ወይም የልጅ ልጃቸውን ፊት ደጅ አውጥታችሁ እዩ፤ አጥንቱ ብዙ ጊዜ ይወረሳል።

«ሲለሰልስ ያምራል»

ኤርብራሽ (ጠርዙ የሚለሰልስ ብሩሽ) ይዞ ፊቱን በሙሉ ማሸት የሁላችንም የመጀመሪያ ፍቅር ነው። ውጤቱ ፕላስቲክ ነው። ፊት ላይ ለስላሳም፣ ስለታምም ጠርዝ አለ። ጉንጭ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የአፍንጫ ክንፍ ሥር ያለው ጥላ ግን በቢላ የተቆረጠ ያህል ነው። ሁለቱን ካልለያችሁ የፊቱ አጥንት ይጠፋል። እኔ መጀመሪያ በጠንካራ ብሩሽ ሰፋፊ ገጽ እጥልና ማለስለስ ያለበትን ብቻ አለሰልሳለሁ። ስልኮች ሰው ሳይጠይቃቸው ፊት እንደሚያለሰልሱም አትርሱ። እያያችሁ የምትስሉበትን ፎቶ (ሪፈረንስ) ስታነሱ የማሳመሪያውን ማጣሪያ አጥፉት።

«ምስጢሩ የቀዳዳ ብሩሽ ነው»

አይደለም። የቆዳ ቀዳዳ የመጨረሻው የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። የሚታየውም አፍንጫና ጉንጭ ላይ፣ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት አካባቢ ነው። ፊቱን በሙሉ ከረጫችሁበት እንጀራ ይሆናል፣ ከነዓይኑ።

«ታብሌት ሳልገዛ አልጀምርም»

8,192 የእጅ ግፊት ደረጃ የሚለይ የታብሌት ብዕር ጥሩ ነው፤ እኔም አለኝ። ግን አይቢስ ፔይንት በሚባል የስልክ መሳያ መተግበሪያ ላይ በጣቱ የሚሠራ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ቆዳው ከብዙዎቹ ይሻላል። ኮምፒውተር ላለው ደግሞ ክሪታ የሚባለው መሳያ ፕሮግራም በነፃ ነው።

ከመሣሪያው በላይ የሚያበላሸው የስክሪኑ ብርሃን ነው። በአንድ ወቅት የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጫፍ ከፍቼ፣ ያውም የማታውን ቢጫ ማጣሪያ ሳላጠፋ፣ አንድ ሌሊት የሙሽሮች ምስል ስሠራ አደርኩ። ጠዋት ታትሞ ሲመጣ ሙሽራው ጨልሟል፣ ሙሽሪት ወደ ሰማያዊ ሄዳለች። አታሚው ምንም አላጠፋም፤ የላክሁለትን ነው ያተመው። አሁን ብርሃኑን መካከል ላይ አድርጌ፣ ማጣሪያውን አጥፍቼ ነው የምሠራው። ትልቁን ከማሳተሜ በፊትም የፊቱን ክፍል ብቻ በትንሽ ወረቀት አሳትሜ፣ በረንዳ ላይ ወጥቼ በቀን ብርሃን አየዋለሁ።