«ትከሻዬን ብርድ መቶኝ ነው፣ በማሽን አቅልጥልኝ» — ስለ ፍሮዝን ሾልደርና ሾክዌቭ ሚወሩ ነገሮችና እውነታው

ፊዚዮቴራፒ ክፍል ነው ምውለው። ባለፈው አንዲት እናት መጡ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ለመጣል ሲሞክሩ ግራ እጃቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ ቁጭ፣ ከዛ በላይ አልሄድ አለ። ጸጉራቸውን ልጃቸው ናት ምታበጥርላቸው፣ ሌሊት በዛ ጎን መተኛት ከተውም አራት ወር ሆኗቸዋል። «ልጄ ብርድ መቶኝ ነው፣ ያቺን በስልክ ያሳዩኝን ማሽን አድርግልኝና ይቅለጥ» አሉኝ። ማሽኗ ሾክዌቭ ናት፣ ከውጪ በግፊት ሞገድ ምታክም። እዛች አንድ ንግግር ውስጥ ስንት የተሳሳተ ነገር እንዳለ ልንገራችሁ፣ ደሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም እንደዛ ሚሉት።

«ብርድ ነው»

አይደለም። ፍሮዝን ሾልደር ማለት እንዲህ ነው፦ ትከሻ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን እንደ ከረጢት ሸፍኖ ሚይዝ ስስ ነገር አለ፣ እሱ ይቆጣና ይወፍራል፣ ከዛ ይኮማተራል፣ እጅ ሚላወስበት ቦታ ያጣል በቃ። ስሙ ነው ሰውን ሚያሳስተው፣ «ፍሮዝን» ያለው ኮድማን ሚባል አሜሪካዊ ሰርጀን ነው በ1934፣ እሱም ማለት የፈለገው እንደ በረዶ ደርቆ መቅረቱን እንጂ ቅዝቃዜ ገባበት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሚይዘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉትን ነው፣ ሴቶችን ይበልጥ። ስኳር ያለበት ሰው ጋ ደሞ በደንብ ይበዛል፣ ታይሮይድም እንደዛው፣ እጁ ተሰብሮ ወይ ኦፕራሲዮን ሆኖ ለረጅም ጊዜ ታስሮ የቆየ ሰውም ይይዘዋል። ስለዚህ መስኮት ከፍቼ ተኝቼ ነው እያላችሁ በቅቤ ከመታሸት በፊት ስኳራችሁን ተለኩ። እኚህ እናት ተለክተው አያውቁም ነበር።

«ትከሻ ካመመ ፍሮዝን ሾልደር ነው»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ብር ሚባክነው እዚህ ነው። ክንዳችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቁና ክርናችሁን እጠፉት፣ ከዛ መዳፋችሁን ወደ ውጪ ክፈቱ፣ በር እንደመክፈት። አሁን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ይግፋላችሁ። እናንተ ስትሞክሩ እምቢ ብሎ ሌላ ሰው ሲገፋው ሚሄድ ከሆነ ችግሩ ጅማት ላይ ሊሆን ይችላል። ለማንም አልሄድ ካለ ያኔ ነው ፍሮዝን ሾልደር ሚጠረጠረው፣ እሱም የመገጣጠሚያ መበላት ምናምን እንዳይሆን ራጅ ታይቶ። ይሄ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ሾክዌቭ ትከሻ ላይ ጥሩ ማስረጃ ያለው ጅማት ውስጥ ካልሺየም ለተጠራቀመበት ሰው ነው። ፍሮዝን ሾልደር ላይ የተሰሩት ጥናቶች ትናንሽ ናቸው፣ ህመም በመቀነስና እጅ በማላወስ በኩል ደህና ውጤት ያሳዩ አሉ ግን ያን ያህል ጠንካራ አይደሉም። ጎረቤታችሁ በሁለት ሳምንት ዳንኩ ካለ መጀመሪያ ያመመው ምን እንደነበር ጠይቁት።

«ሾክ ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው»

ይሄን ፈርተው ሚቀሩ አሉ። ሾክዌቭ ኤሌክትሪክ ሰውነት ውስጥ አይለቅም፣ የግፊት ሞገድ ነው። ነገሩ የመጣው ከኩላሊት ጠጠር ህክምና ነው፣ በ1980 ጀርመን ሙኒክ ሰው ላይ ተጀመረ፣ ሳይቀደድ ከውጪ ጠጠር መስበር። ብዙ ክሊኒክ ምታገኙት ራዲያል ሚባለው ነው፣ መያዣው ውስጥ ያለችን ትንሽ ብረት የታመቀ አየር እየወረወረ ጫፉን ያስመታታል፣ ጄል ተቀብቶ ታታታታ ይላል፣ ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ እንዳለው።

ታዲያ «ጠጠር ከሰበረ የተጣበቀውን ትከሻም ይሰብረዋል» ሚሉ አሉ። አይሰብርም። ለትከሻ ሚሰጠው ጉልበት ከጠጠሩ በጣም ያነሰ ነው፣ ይሰራል ተብሎ ሚታሰበው ህመም በመቀነስና የቦታውን የደም ዝውውር በመቀስቀስ ነው። እጁን ሚከፍተው እንቅስቃሴው ነው፣ ማሽኑ ህመሙን ቀንሶ እንቅስቃሴውን እንድትችሉት ያደርጋል። ባብዛኛው ከ3 እስከ 5 ጊዜ በሳምንት ልዩነት ይሰጣል። ቤት ሄዶ እጁን አቅፎ ሚቀመጥ ሰው ግን ለአየር ነው ሚከፍለው።

«ካላሳመመ አይሰራም»

ወጌሻ ጋ ሄደው አስጎትተው አብጦ ሚመጡ ብዙ ናቸው። ህመሙ ገና ትኩስ በሆነበት ጊዜ በጉልበት መጎተት ያባብሰዋል፣ አጥንቱ የሳሳ ሰው ላይ ደሞ ሊሰብር ይችላል። ሾክዌቩም ጥርስ ሚያስነክስ ከሆነ ይቀነስ በሉ።

ለሁሉም ሰው ይሆናል ሚባለውም ልክ አይደለም፦ ደም ማቅጠኛ ምትወስዱ፣ እርጉዝ የሆናችሁ፣ ቦታው ላይ ካንሰር ወይ ኢንፌክሽን ያለባችሁ፣ ልባችሁ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ያለ፣ በቅርብ ስቴሮይድ (ቁጣ ሚያበርድ መድሃኒት) መርፌ የተወጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

«ሾክዌቭ ካልሰራ ኦፕራሲዮን ነው»

ሲጀመር ፍሮዝን ሾልደር ብዙ ሰው ላይ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ እየለቀቀ ይሄዳል፣ የተወሰነ ድርቀት ሳይለቃቸው ሚቀር ቢኖሩም። መሀል ላይ ደሞ ስቴሮይድ መርፌ አለ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ህመም ላይ ከሾክዌቭ ይልቅ የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ለጥቂት ቀናት ስኳሩን ከፍ ያደርጋል፣ ሾክዌቭ አማራጭ ሚሆነው አንዱ እዚህ ጋ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 503 ሰው ላይ ተሰርቶ በ2020 የወጣ ጥናት አለ፣ በካሜራ ሚሰራ ኦፕራሲዮን፣ ሰውየውን አደንዝዞ ሃኪም ትከሻውን ማላወስ፣ እና ፊዚዮቴራፒ ከስቴሮይድ መርፌ ጋር አወዳድሮ በዓመቱ ሲታይ አንዱ ከሌላው ይሄን ያህል በልጦ አልተገኘም። ስለዚህ ገና ሳያዩዋችሁ የአስራ አምስት ጊዜ በአንዴ ክፈሉ ካሏችሁ ተነሱና ውጡ።

እናታችን ስኳራቸው ተገኘ፣ መድሃኒት ጀመሩ። ሾክዌቩን አራቴ ወሰዱ፣ ቤት ደሞ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዞ ወደ ላይ ማንሳቱን ልጃቸው እየተቆጣች ታሰራቸዋለች። ሁለት ወር አለፋቸው፣ ጸጉራቸውን አሁን ራሳቸው ያበጥራሉ። እጃቸው ወደ ጀርባቸው ግን ገና ነው፣ ቀሚሳቸውን አሁንም ልጃቸው ናት ምትቆልፍላቸው።